ያለ አፈር ያበቀልነው ጐመን

ባለቤቴ አናጢ ነበር። እንጅባራ ያን ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች፣ አንድ ገበያና አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከቤቶቹ በርና መስኮት የሚበዛው ከእሱ እጅ የወጣ ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ጋሪ ነበራቸው። ጋሪያቸው የተሰበረ ጊዜ ሊጠግንላቸው መጥቶ አየኝና፣ ጥገናው ሳያልቅ ሽማግሌ ላከ። ጎረቤቶቻችን «ሰውዬው ጋሪውን ትቶ ልጂቱን ይዞ ሄደ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እንጅባራ ስገባ አማቴን እቤት አገኘኋቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአዘና ወዲያ ያለውን መንደራቸውን ትተው ከልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። እሳቸው የአገው ልጅ ናቸው፤ አማርኛቸው ለገበያና ለሰላምታ ያህል ነው። የእኔ አገውኛ ደግሞ ከ«እንዴት አደሩ» አያልፍም። ስለዚህ ከመሃላችን ባለቤቴ ተቀምጦ የእሳቸውን ለእኔ፣ የእኔን ለእሳቸው ይመልሳል። አንዳንድ ቀን ሁለታችንም ያላልነውን ጨምሮበት ያጣላናል፤ ኋላ እውነቱን ሲነግረን ሦስታችንም እንስቃለን።

ያ ሁሉ ጨዋታ በአንድ ጠዋት ቆመ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮ እንዲለብስ ተባለና ሥራውን ለባለቤቴ ሰጡት። ማታ የጣለው ዝናብ እንጨቱን አርሶት ኖሮ፣ ገና ጣራው ላይ ወጥቶ ሥራ እንደ ጀመረ እግሩ ከዳውና ወደቀ።

እኔ ወንዝ ወርጄ ነበር። እየሮጡ ጠሩኝ። ስደርስ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ዓይኑን ከፍቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ደም የለም፤ የተሰበረ የሚመስል ነገር አይታይም።

«ደህና ነኝ» አለኝ። «እግሬ ላይ የወደቀውን እንጨት ብቻ አንሡልኝ፤ ተጭኖኛል።»

እግሩ ላይ ምንም አልነበረም።

በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መንገዱ አወረዱት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ትልቅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ክረምቱን እዚያው ከረምን። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶኝ «የጀርባ አጥንቱ ተጎድቷል። ነፍሱ ትተርፋለች፤ እግሩ ግን አይመለስም» አለኝ። ይህን ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግረው የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጭንቅላቱን ሳጥበው «አውቄዋለሁ፤ አትጨነቂ» አለኝ። እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። 

መስቀል ካለፈ በኋላ ቤታችን መለስነው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ሊጠይቀው ይመጣል፤ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል፤ እሱም «አሜን» ይላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ጠላ እየጠመቅሁ፣ አማቴ ጥጥ እየፈተሉ ቤቱን ይዘን ቆየን። ሐኪም ቤት እንዳሳዩኝ ገላው እንዳይቆስል ቶሎ ቶሎ አገላብጠዋለሁ። ስገለብጠው እንደ ልብስ ይገለበጥልኛል። ያ ነበር ከሁሉ የከበደኝ። በር የሚያህል ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ ይገባ የነበረ ሰው ነው።

ከጎን ያለውን ክፍል አንድ ወጣት መምህር ተከራይቶን ይኖር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በርጩማ ስቦ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥና የባጡን የቆጡን ያወራዋል። ባለቤቴ ይስማው አይስማው አይታወቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ በተማረበት ቦታ አንድ ሰው ጐመን ያለ አፈር ሲያበቅል ማየቱን አነሣ።

«ያለ አፈር?» አልኩ እኔ ከጓዳ።

«አዎ። ገንዳ ውስጥ ጠጠር ይሞላል፤ ጠጠሩ ላይ ፍግ የተበጠበጠበት ውሃ ይፈስበታል። ሥሩ ጠጠሩን ይጨብጣል፤ ምግቡን ከውሃው ይጠጣል።»

ባለቤቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ከፍታው ምን ያህል ነው?»

«የምኑ?»

«የገንዳው።»

መምህሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «እንደ ፈለጉት ነው። እግር ከሠሩለት ከፍ ይላል።»

«ተቀምጦ የሚደረስበት ይሆናል?»

«ተቀምጦ የሚደረስበት ይሆናል።»

ምን እያሰበ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ወደ መሬት መውረድ አይችልም። መሬቱ ወደ እሱ ከፍ የሚልበት መንገድ ካለ ግን ሊሞክረው ፈልጓል።

በማግስቱ ለሰው በር ሊሠራበት ያስቀመጠውን ጣውላ አስወጣኝ። እሱን በረንዳ ላይ አስቀመጥሁትና እንዳይወድቅ ወገቡን ከምሰሶው ጋር በመቀነቴ አሰርኩት። አንዱን ጫፍ እኔ ይዤለት እሱ መጋዙን ሳበ። ቶሎ ይደክመዋል፤ ያልበዋል፤ «ይበቃሃል» ስለው መልስ አይሰጠኝም። የገጣጠመበትን ስንጥቅ በሰም ደፈነው። ውሃ ማስገቢያውንና ማፍሰሻውን ከቀርቀሃ አበጀ፤ ቀርቀሃ መቼም በእኛ አገር የሚቸግር ነገር አይደለም።

ገንዳው ባለቀበት ቀን አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳው ላይ አዩት። ረጅም፣ ጠባብ፣ ገና ከመጋዝ የወጣ ሳጥን ነው፤ እግሮቹን ገና አልመታንለትም። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። ደረታቸውን እየመቱ በአገውኛ ጮኹ። ባለቤቴ በአገውኛ መለሰላቸው፤ አልሰሙትም። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«የራሴን የሬሳ ሣጥን የሠራሁ መስሏታል።»

ከዚያ እጃቸውን ጎትቶ ይዞ የቀርቀሃውን ቱቦ አስጨበጣቸውና ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገራቸው። አማቴ ዝም አሉ። ቱቦውን ዳሰሱት፤ በቀዳዳው አዩበት፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ምን ብለህ ዝም አሰኘሃቸው?»

«ለሞተ ሰው ቧንቧ ምን ያደርግለታል? አልኋት» አለኝ። ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ሳቄ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝና ጓዳ ገባሁ።

ጠጠሩን እኔና አማቴ ከኮረብታው አመጣነው። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሲያነሡት ቅልል የሚለው ቀይ ድንጋይ ነው። በመዶሻ ሰባብረን፣ አጥበን ሞላነው። እበቱን በእንስራ ዘፍዝፈን ውሃውን አጠለልንለት። የጐመን ችግኝ ከጎረቤት ለመንን። ባለቤቴ እያንዳንዱን ሥር በጣቱ እየከፈተ ጠጠሩ መሃል አስቀመጠው። ገናን ስንውል ቅጠሎቹ ቀና ብለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አላየሁትም። ጠዋት ፀሐይ በረንዳውን ስትነካ አውጡኝ ይላል፤ ጉሙ እስኪመለስ ከገንዳው አጠገብ ይቀመጣል። ቅጠሉን ያገላብጣል፤ የቀርቀሃውን መውረጃ ያስተካክላል። ሊጠይቁት የሚመጡት ሰዎችም «እግዜር ይማርህ» ብለው ዝም ከማለት ፋንታ «እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። እሱም ያስረዳቸዋል። በእርግጥ የሚያማም አልታጣም። አንዲት ጎረቤታችን «ምድር የተወችውን ሰው ሳጥን አያቆመውም» ማለቷን ሰማሁ፤ ለእሱ አልነገርሁትም። የነፍስ አባታችን ግን መጥተው ገንዳውን ዞረው አዩና «በአፈርም ይሁን በውሃ፣ የሚያበቅለው ያው አንዱ ነው» ብለው ባረኩት። ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን የመጀመሪያውን ጐመን ቀነጠስን። አማቴ ቀቅለው ሲያቀርቡለት እሱ ከመብላቱ በፊት እኛን አጎረሰን።

ችግሩ የመጣው ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ መጠውለግ ጀመሩ። ውሃው በገንዳው ሙሉ ነው፤ ቅጠሉ ግን ውሃ እንዳጣ ይዝለፈለፋል። ባለቤቴ ፀሐዩ ነው አለና ውሃ አስጨመረኝ። በማግስቱ ባሰ። ደግሞ አስጨመረኝ። በሦስተኛው ቀን ታችኛዎቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ቅጠሎቹን ሲነካ ከጠጠሩ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ብን ብለው ይነሣሉ፤ ትንኝ ግን በእኛ አገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል ብለን ነገሬም አላልናቸው።

በመጨረሻ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቀለው። ሲተክለው ነጭ ፂም የመሰለው ሥር ቡናማ ሆኖ፣ ሙልጭልጭ ብሎ፣ ግማሹ ተበልቶ ቀርቷል። ሽታው እንደ ቆየ የረግረግ ውሃ ነው። ባለቤቴ ሥሩን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ለብዙ ጊዜ አየው።

«ነይ እዪው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ነጭ፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ትሎች ሥሩ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዶቹ ከግንዱ ሥር ውስጥ ገብተው ጅራታቸው ብቻ ይታያል።

መምህሩ ሲመጣ አሳየነው። አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይህን በተማርኩበትም ቦታ አላየሁም። መድኃኒቱንም አላውቅም» አለ። የማያውቀውን አላውቅም በማለቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

አማቴ የራሳቸውን መላ አመጡ። በእርሻ ላይ ትል ሲገባ በመንደራቸው አመድ ነው የሚነሰንሱት። ከምድጃ አመድ አፍሰው፣ ነፍተው ጠጠሩ ላይ በተኑት። በእርሻ ላይ ቢሆን ደግ ነገር ነው፤ በእኛ ገንዳ ውስጥ ግን ወደ ውሃው ወርዶ ተሟሟና የቅጠሎቹ ዳር ዳር እሳት እንደ ነካው ሆነ። አማቴ ይህን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ፤ ልጃቸውን ያቃጠሉት ያህል ተሰማቸው። ውሃውን አፍስሰን ሌላ ሞላን። ቀጥሎ መምህሩ ከገበያ የትምባሆ ቅጠል አመጣና ዘፍዝፈን ውሃውን ረጨነው። ትንኞቹ እየተገለበጡ ወደቁ። ደስ አለን። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌሎች ወጡ። የሚበረውን ነው እንጂ ከታች ሥር ውስጥ ያለውን አልነካነውም። እንቁላሉም ትሉም በረጠበው ጠጠር መሃል ተመችቶት ተቀምጧል።

በዚህ መሃል ያቺ ጎረቤታችን ስለ ሳጥኑ የተናገረችው እንዴት እንደ ሆነ ባለቤቴ ጆሮ ደረሰ። ማን እንደ ነገረው አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ላወጣው ስመጣ እጁን አልሰጠኝም።

«አውጥታችሁ ጣሉት» አለ።

«ምኑን?»

«ገንዳውን። ከወገቡ በታች የሞተ ነገር በአንድ ቤት ሁለት ምን ይሠራል?»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እኔ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ በእሱ ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። የታመመ ሰው ላይ አይቆጡም። ያን ጠዋት ግን ደሜ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ ሐኪም ቤት መሬት ላይ የተኛሁት፣ ድንጋይ በራሴ የተሸከምኩት፣ እናቱ በዚያ ዕድሜያቸው መዶሻ ያነሡት ለዚህ ነው?

«እሺ፤ እጥለዋለሁ» አልኩና ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ጐመን በቅጠሉ ይዤ መነጨቅሁት። ግንዱ ተቀነጠሰና ሥሩ ጠጠሩ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛውን ያዝኩ። እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስይዝ ከውስጥ ጮኸ።

«እንዲያ አይነቀልም!»

ሦስተኛውን ጎተትኩት።

«ጠጠሩን በጣትሽ ክፈችለት! ሥሩን ትበጥሺዋለሽ! ... ትሰሚኛለሽ?»

«የሚጣል ነገር ሥሩ ቢበጠስ ምን አለበት?»

 ከዚያ የአልጋው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ዘልዬ ብገባ በክንዱ እየተሳበ የአልጋው ጠርዝ ላይ ደርሷል፤ ሊወድቅ ትንሽ ቀርቶታል። ያዝኩት። ደረቴ ላይ ተደግፎ ያለከልካል።

«አውጪኝ» አለ። «እኔ ልንቀለው።»

ያን ቀን ጥርት ያለ ፀሐይ ነበር። ምሰሶው ላይ አስደግፌ አሰርኩት። አማቴ ነገሩን ከፊታችን አይተው ተረዱት መሰለኝ፣ ሳይጠየቁ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዘው መጡ። ባለቤቴ ጠጠሩን በጣቱ እየፈለቀቀ ተክሉን አንድ በአንድ ያነሣል፤ ሥሩን በውሃው ውስጥ ያለቀልቃል፤ የተበላውን በቢላ ይቆርጣል። ከዚያ ይፈርዳል።

«ይህ ይቀመጥ። ይህ ይጣል።»

አንዱ በጣም ያማረ ነበር፤ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። ሥሩ ግን ጉቶ ብቻ ነው።

«ይህንስ ተወው። ምናልባት ይተርፋል» አልኩት።

አየውና የሚያስብበት መሰለኝ። «ነጭ ሥር ለሌለው አትዘኚለት። ሌላውን ያስበላል» አለና ራሱ ወደሚጣለው ወረወረው። ከወረወረው በኋላ ግን እጁን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ገበቴው አልመለሰም።

የተጣለው ከተቀመጠው በለጠ። የተጣለውን ትሉ እንዳይራባ አማቴ እሳት ውስጥ ጨመሩት። የተቀመጠውን በንጹሕ ውሃ በቅል ውስጥ ሥሩን ነክረን ጥላ ሥር አኖርነው። አሁን የቀረው ጠጠሩ ነው። መምህሩ ከማኅበርተኞች ትልቅ የድግስ ድስት ተውሶ መጣ፤ ትምህርት የሌለበት ቀን ነበርና ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። ጠጠሩን በየተራ እያፈላን በሰሌን ላይ አሰጣነው። አማቴ ማገዶውን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያያል። ድንጋይ የሚቀቅሉ ሰዎች አይቶ አያውቅምና ይገርመዋል። አንድ ሽማግሌ «በስሎ እንደሆን ቅመሱት እንጂ» ብለው አለፉ። ባለቤቴ «ጨው አንሶታል፣ አባቴ» ብሎ መለሰላቸው።

ገንዳውንም የፈላ ውሃ ስናፈስበት ሰሙ ቀለጠና በየስንጥቁ ወረደ። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። እኔ ራሴን ያዝኩ። ባለቤቴ ግን «ይሻላል፤ ከሰሙ ሥርም ተደብቀው ነበር» አለና ገንዳውን እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስገልብጦ ካቆየው በኋላ እንደገና ሰም አቅልጦ ደፈነው።

መልሶ ሲተክል ያየውን ነገር ሁሉ አሰበበት። ትንኙ የሚወልደው ላይ ላዩ የረጠበ እንደሆነ ነው ብሎ ላዩን በደረቀ ደቃቅ ቀይ ጠጠር አለበሰው። የቀርቀሃውን ማስገቢያ ወደ ታች አወረደው፤ ውሃው ከሥር ገብቶ ከሥር እንዲወጣና ላዩ ደርቆ እንዲውል። የፍጉን ውሃ ከበፊቱ ይልቅ አቆይተን፣ በጨርቅ ደጋግመን አጠለልነው። ከሁሉ በላይ ግን ቅጠል በጠወለገ ቁጥር ውሃ መጨመር ቀረ። መጀመሪያ ጣቱን ሰድዶ ይዳስሳል፤ ከዚያ ነው የሚያዘኝ።

ጐመኖቹ ለብዙ ቀን እንደ ተኙ ቆዩ። በየጠዋቱ ስንወጣ ሞተው እናገኛቸዋለን ብዬ እሰጋለሁ። በሆሳዕና ሰሞን ከአንዱ መሃል ትንሽ፣ የተጨማደደች፣ ብሩህ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች። ባለቤቴ ወዲያው እናቱን ጠርቶ አሳያቸው። አማቴ ተንበርክከው ምድር ሳሙ።

ጨርሶ ድል አድርገነው ነበር ብዬ አልዋሽም። ክረምት ሲገባ ትንኙ ተመልሶ መጣ። ላይኛው ጠጠር በጭጋጉ ይረጥባል፤ ምን ይደረጋል? ግን ከዚያ ወዲህ ሳይብስ ነው የምንደርስበት። ባለቤቴ በየጊዜው አንዱን ተክል አንሥቶ ሥሩን ያያል፤ ነገር ካለ ያጥባል፣ ይቆርጣል፣ የዚያን ማዕዘን ጠጠር አውጥተን እናፈላለን። አንድ ቀን መምህሩ «ይህ ነገር መቼ ነው የሚጠፋው?» ብሎ ጠየቀው። «የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ የሚጠበቅ ነገር ነው» አለው። ኋላ ሌላ ገንዳ ጨመርን። በመትከያ ጊዜ ሰው ችግኝ ፍለጋ ወደ እኛ ቤት መምጣት ጀመረ። ያቺ ጎረቤታችንም መጣች። እሱ ከሌሎቹ ለይቶ ጠንካራ ጠንካራውን መረጠላት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀብላ ሄደች።

እንደዚህ አድርገን ጥቂት ዓመታት ኖርን። የደስታ ዓመታት ነበሩ ማለት ይከብደኛል፤ የሕይወት ዓመታት ነበሩ ብል ግን እውነት ነው። ይሠራል፣ ይቆጣል፣ ይጫወታል። ሌሊት በሕልሙ ጣራ ላይ ሆኖ እንደሚያድር አንዳንዴ ይነግረኝ ነበር።

የገደለው ቁስል ነው። የፈራሁት ነገር፣ በታችኛው ጀርባው ላይ፣ ከቆዳው ሥር ጀመረና ከላይ ሲታይ ትንሽ መስሎ ውስጥ ውስጡን ሰፋ። ቁስል አካሚው ድሬሰር እየመጣ ያጥበዋል፤ ዱቄት መድኃኒት ያደርግበታል። ለባለቤቴ አያመውም፤ አለማመሙ ነው ያስፈራኝ። መምህሩ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበርና ስንነጋገር የምንውለው እኛው ሦስታችን ነን። አንድ ጠዋት ቁስሉን ሳጥብለት እንዲህ አለኝ፤

«እናቴን ወደ መንደር አትመልሺያት። እዚያ ማንም የላትም።»

«እሱን ማሰብ ምን አመጣው?»

«አሰብኩት እንጂ፤ አንቺ መልሺልኝ።»

«አልመልሳቸውም» አልኩት።

በፍልሰታ ጾም፣ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ ዐረፈ። ትኩሳቱ በርትቶ ስለነበር በመጨረሻ በአገውኛ ብቻ ነበር የሚያወራው። ያን ጊዜ አገውኛው ይገባኝ ጀምሮ ነበር። ስለ ሥራ ነው የሚያወራው፤ ጣውላ አቀብሉኝ ይላል። አማቴ «ይኸው፣ ይኸው» እያሉ ባዶ እጃቸውን ይዘረጉለታል፤ እሱም ይቀበላቸዋል።

ፍትሐት ሲደረግለት ዝናቡ ሌሎች በጨረሱት የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ የካህናቱን ድምፅ ይውጠው ነበር። ብዙ ሰው መጣ። ከገጠርም ከከተማም፣ ችግኝ የወሰደው ሁሉ መጣ። አማቴ በአገውኛ አለቀሱለት፤ ሙሾአቸውን የሚቀበላቸው ሴት ከከተማው ሰው መሃል ጥቂት ስለነበረ፣ እኔ የቻልኩትን ያህል ተቀበልኳቸው። አንዳንዱን ቃል ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ማንም አልሳቀብኝም።

ተዝካሩ እስኪወጣ ገንዳዎቹን ጠበቅኋቸው። ከዚያም አንድ በጋ ያህል ይዤያቸው ቆየሁ። ነገር ግን እንጨቱ እየበሰበሰ፣ ሰሙ እየለቀቀ ሄደ፤ የሚጠግነው እጅ የለም። ትንኙም በርትቶ መጣ። እኔ እንደ እሱ ቀኑን ሙሉ ሥር እያነሣሁ የማይበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ጠላው አለ፣ ገበያው አለ። አንድ ቀን የቀሩትን ችግኞች በጓሮ መሬት ላይ እንደማንኛውም ሰው ተከልኳቸው። አማቴ እያንዳንዱን ጉድጓድ በእጃቸው አለሰለሱልኝ። በደንብ በቀሉ።

ዓመት ካለፈ በኋላ አባቴ ከዳንግላ ሰው ላኩ፤ የሚያገባኝ ሰው መጥቷል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ነጋዴ ነው። አልፈልግም ብዬ መለስኩ። አማቴ ይህን ሰሙና ሌላ ነገር ሳይናገሩ በማግስቱ ነጠላቸውን አጥበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደዚያ በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍረው ብቻቸውን ዳንግላ ወረዱ። አባቴ ቤት ገብተው፣ ሰውዬውን አስጠርተው፣ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው በዚያች በገበያ አማርኛቸው መረመሩት። ምን እንደ ጠየቁት እስኪሞቱ ድረስ አልነገሩኝም። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ደክሟል፤ እግራቸውን አጠብኳቸው።

«ደግ ሰው ነው» አሉኝ በአገውኛቸው። «እኔም አብሬ እመጣለሁ ብዬዋለሁ።»

«እሺ አለ?»

«እሺ ባይልማ ደግ ሰው ነው እልሽ ነበር?»

በጥር ተዳርሁ። አማቴ በእናቴ ቦታ ተቀምጠው መረቁኝ። ዳንግላ ውስጥ ከእኔ ጋር ብዙ ዘመን ኖሩ፤ የሰውዬው ልጆችም፣ ኋላ የወለድኳቸውም «አያቴ» ይሏቸው ነበር። የሞቱት በሰላም፣ በዕድሜያቸው ነው። አገራቸው ወስደን፣ ከባላቸው አጠገብ አዘና ማዶ ቀበርናቸው።